የጎግል የምሩቃን ቅጥር፦ ከማመልከቻ እስከ ውል ያለው መንገድ

ሰኔ ለአርሶ አደሩ የእርሻና የዘር ወር ነው፤ ልጁን በዩኒቨርሲቲ ላስተማረ ቤተሰብ ደግሞ የምረቃ ሰሞን። ፎቶግራፉ ተነሥቶ፣ ጥቁሩ ካባ ተመልሶ፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራውስ? በኮምፒውተር ሳይንስና በሶፍትዌር ምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶች የሚሰጡት መልስ አንዳንድ ጊዜ ወላጅን ግራ ያጋባል። “ለጎግል አመልክቻለሁ” ይላል ልጁ። ከዚያም ለወራት በሩን ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ጋር ይውላል። እናት ልጇ ሥራ እየፈለገ ይሁን እየተጫወተ ለመለየት ትቸገራለች።

ጎግል እ.አ.አ በ1998 በላሪ ፔጅና በሰርጌ ብሪን የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በማውንቴን ቪው ከተማ የሚገኝ ኩባንያ ነው። የአንድሮይድ ስልክ የያዘ፣ በዩቲዩብ መዝሙር ወይም ዜና የሚከታተል የገጠር ነዋሪ ሁሉ ሳያውቀው የዚህ ኩባንያ ደንበኛ ነው። ኩባንያው አዲስ ተመራቂዎችን የሚቀጥርበት ሥርዓት በብዙ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዘንድ ተመሳሳይ መልክ ስላለው፣ የእርሱን መንገድ የተረዳ የሌሎቹንም ለመረዳት አይቸገርም።

ማመልከቻው የሚገባው በኩባንያው የሥራ ቅጥር ድረ ገጽ ነው፤ ክፍያ የለውም። አንድ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ ማመልከት የሚችለው እስከ 3 ለሚደርሱ የሥራ መደቦች ብቻ በመሆኑ ባገኙት ማስታወቂያ ሁሉ መሞከር አያዋጣም። የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫው ለአዲስ ተመራቂ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። “ታታሪና ታማኝ ነኝ” የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር በዚያ ገጽ ላይ ቦታ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም የለውም። አመልካቹ የሠራው ነገር ግን ይነበባል፤ ለምሳሌ የአንድ ቀበሌን የማዳበሪያ ስርጭት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርቶ ከሆነ፣ ምን እንደሠራ፣ በምን ቋንቋ እንደጻፈውና ስንት ሰው እንደተጠቀመበት በሁለት መስመር ማስፈር ይበቃል።

ስለ ውጤት የሚጨነቅ ተማሪ ብዙ ነው። በወቅቱ የኩባንያው የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ እ.አ.አ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ በሰጡት ቃለ መጠይቅ፣ የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤት የሠራተኛን ብቃት ለመተንበይ እንደማይጠቅም፣ መጠነኛ ግንኙነት የታየውም በአዲስ ተመራቂዎች ላይ ብቻ መሆኑን ገልጸው ነበር። ኩባንያው ቀድሞ ይታወቅባቸው የነበሩት የእንቆቅልሽ ጥያቄዎችም ጊዜ ማባከኛ እንደነበሩ በዚያው ቃለ መጠይቅ ተናግረዋል።

ማመልከቻው ካለፈ በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈተና ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ በቪዲዮ የሚካሄዱ፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ያህል የሚወስዱ ቃለ መጠይቆች አሉ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነውና ጥያቄው ምን እንደሚመስል በምሳሌ ማየት ይጠቅማል።

በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ክብደታቸው የተለያየ 1 ሺህ ጆንያ እህል አለ እንበል። ገዥው “ሁለቱ ተደምረው ልክ 100 ኪሎ የሚመዝኑ ጆንያዎች ፈልጉልኝ” አለ። የመጀመሪያው መንገድ እያንዳንዱን ጆንያ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር እያጣመሩ መሞከር ነው። ይህ እስከ 499 ሺህ 500 ጥንዶችን መፈተሽ ይጠይቃል፤ ወዛደሩም መዛኙም ያልቃሉ። ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ኪሎ የራሱ መስመር ያለው መዝገብ ማዘጋጀት ነው። የተመዘነው ጆንያ 38 ኪሎ ከሆነ ጓደኛው 62 ኪሎ መሆን አለበት። ጸሐፊው የ62ን መስመር ያያል፤ ምልክት ካለበት ፍለጋው አበቃ፤ ከሌለ በ38 መስመር ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በዚህ መንገድ አንድ ጆንያ የሚመዘነው አንዴ ብቻ ስለሆነ ሥራው ከ1 ሺህ ምዘና አይበልጥም። የሚጨምረው ወጪ የመዝገቡ ወረቀት ነው፤ በኮምፒውተር ቋንቋ ማስታወሻ ወይም ሜሞሪ የሚባለው።

ጠያቂው በዚህ አያቆምም። 50 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ቢገኝስ? ጸሐፊው መስመሩን ከማየቱ በፊት ምልክት ካደረገ ያንኑ ጆንያ ከራሱ ጋር አጣምሮ “አገኘሁ” ይላል። ትክክለኛ ጥንድ ጨርሶ ባይኖርስ? ጆንያው 1 ሚሊዮን ቢሆንስ? አመልካቹ እነዚህን ጉድለቶች ሳይነገረው አስቀድሞ ካያቸው ነጥቡ ከፍ ይላል። መልሱን በቃሉ የሸመደደ ግን ጥያቄው በትንሹ ሲቀየርበት ይጋለጣል።

ሌላው የሚመዘነው ነገር አመልካቹ እያሰበ መናገሩ ነው። ይህ ለእኛ አገር ልጅ ቀላል አይደለም። በታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት፣ ሳይጠየቁ መናገር ልፍለፋ ነው ተብሎ ያደገ ወጣት ጥያቄውን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ አሥር ደቂቃ ሊያስብ ይችላል። በውስጡ መልሱ ሊኖር ይችላል፤ ጠያቂው ግን የሚጽፈው የሰማውን ነው። ስለዚህ “መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ እሞክራለሁ፤ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ምክንያቱም…” እያሉ መቀጠል ያስፈልጋል። ጥያቄው ካልገባ መልሶ መጠየቅም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም የሚጠበቅ ነው።

ከባሕርይ ጋር በተያያዙ ጥያቄዎችም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማል። በደቦ ያደገ ሰው ሥራውን ሲተርክ “አደረግን፣ ጨረስን” ይላል፤ ለብቻው “እኔ ሠራሁት” ማለት ጉራ ይመስለዋል። ጠያቂው ግን ከቡድኑ ሥራ ውስጥ የአመልካቹ ድርሻ የቱ እንደሆነ ካልተነገረው ሊያውቅ አይችልም። የቡድኑን አባላት ሳያሳንሱ “የእኔ ድርሻ ይህ ነበር” ማለት ውሸትም ትዕቢትም አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ልምምድ ይጠይቃል፤ ወጣቱ በሩን ዘግቶ የሚውለውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። በአገራችን እ.አ.አ በ2019 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ኤቱኤስቪ የተባለ ድርጅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለእንዲህ ዓይነቱ ቃለ መጠይቅ ያለ ክፍያ ያዘጋጃል። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም የፕሮግራም አጻጻፍ መሠረቶችን በነጻ ያስተምራል፤ ይህኛው ግን መነሻ እንጂ ለቃለ መጠይቅ በቂ ዝግጅት አይደለም። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚኖር አመልካች ደግሞ የቃለ መጠይቁን ቀን ከተሻለ ቦታ ሆኖ ለማሳለፍ ቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው። ከተቋረጠም ወዲያውኑ ለቀጣሪው ባለሙያ ጽፎ ሌላ ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል።

የመጨረሻው ውሳኔ የጠያቂዎቹ አይደለም። እያንዳንዳቸው ማስታወሻቸውን ይጽፋሉ፤ አመልካቹን በአካል ያላየ ኮሚቴ አንብቦ ይወስናል። አንድ ጠያቂ ስለወደደው ብቻ የሚቀጠር፣ ስለጠላውም ብቻ የሚወድቅ እንዳይኖር የታሰበ አሠራር ነው። ኩባንያው በራሱ ጥናት 4 ቃለ መጠይቆች በ86 በመቶ እርግጠኝነት ለመወሰን እንደሚበቁ አረጋግጦ፣ ቀድሞ ከዚያ በላይ ይደርስ የነበረውን ቁጥር ቀንሷል። ሂደቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ያላለፈ ሰው የሚደርሰው ደብዳቤ አጭር ነው፤ ምክንያቱን በአብዛኛው አይዘረዝርም። በቤት ውስጥ ይህን ዝምታ “ሰነፈ” ብሎ መተርጎም ልጁን መበደል ነው፤ ብቁ ሆነው የማያልፉ ብዙ ናቸውና። ያለፈም ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አይደለም፤ ኩባንያው እ.አ.አ በጥር 2023 ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር።

የወላጅን ጥሪት በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ ማጭበርበር ነው። “ልጅህን ጎግል አስገባዋለሁ፣ የማስጀመሪያ ብቻ ክፈል” የሚል ደላላ ቢመጣ፣ በሬ ከመሸጡ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ኩባንያው በቅጥር ሂደት በየትኛውም ደረጃ ከአመልካች ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለፎርም፣ ለሥልጠናም ሆነ ለቪዛ ማስጀመሪያ ብሎ አያስከፍልም። ቃለ መጠይቅ ሳይደረግ የሚላክ የቅጥር ደብዳቤም ሐሰተኛ ነው። የኢሜይል አድራሻውን ማየትም ይረዳል፤ የኩባንያው ሠራተኛ የሚጽፈው መጨረሻው “ጎግል ዶት ኮም” ከሆነ አድራሻ ነው። ማንም በነጻ የሚከፍተው፣ በ“ጂሜይል ዶት ኮም” የሚያልቅ አድራሻ የኩባንያው የቅጥር ክፍል አድራሻ አይደለም። ማንበብ የሚችል ልጅ በቤት ካለ ደብዳቤው እንደደረሰ ይህችን መስመር እንዲያነብላቸው ወላጆች ሊጠይቁት ይችላሉ።