ዝም ያለ ውል ለማን ያደላል?

ባለፈው እሑድ አንድ የሰፈራችን ልጅ አየር ጤና ወዳለው ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን አንዴ ይዩልኝ» ብሎ አራት ገጽ ውል ሰጠኝ። ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ 26 ክፍል ድራማ ሊጽፍ ነው። ክፍያውና የማስረከቢያው ቀን በዝርዝር ሰፍሯል። ድርሰቱ የማን ነው ለሚለው ግን አንዲት ቃል የለችም።

ቡና እስኪፈላ ድረስ ስለ ቴሪ ኔሽን አጫወትኩት። ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1930 ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ተወልዶ በ1997 ያረፈ፣ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ለኮሜዲያኑ ቶኒ ሃንኮክ ጽፏል፤ «ዘ ሴይንት» እና «ዘ አቬንጀርስ» ላይ ሠርቷል፤ በ1975 «ሰርቫይቨርስ»ን ጀምሯል። በ1978 የተጀመረውን «ብሌክስ ሰቨን» የመጀመሪያ ዙር 13ቱንም ክፍሎች የጻፈው ብቻውን ነው። ሀብታም ያደረገው ግን ይህ ሁሉ ድካም አይደለም። በ1963 መጨረሻ ለቢቢሲው «ዶክተር ሁ» ዳሌክ የሚባሉ ፍጡራንን ጻፈ። ወኪሉ በውሉ የባለቤትነት ድርሻውን አስጠብቃለት ስለነበር የዳሌክ አሻንጉሊት በተሸጠ ቁጥር ገንዘብ ይደርሰው ነበር። መልካቸውን የነደፈው ሬይመንድ ኩሲክ ግን የቢቢሲ ደመወዝተኛ ነበርና ከትንሽ ጉርሻ በቀር ያገኘው የለም።

በእኛ አገር ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ቢሆን ተመልካቹ የሚያውቀው ተዋናዩን ነው። አበበ ባልቻ የተጫወተውን የ«ሰው ለሰው»ን አስናቀ ያልረገመ የለም፤ ደራሲዎቹን በስም የሚጠራ ግን ስንት ነው? «ገመና»ን የጻፈው አድነው ወንድይራድ መሆኑን የነገርኩት ይኸው ልጅ እንኳ ተገርሟል፤ እሱ ራሱ ደራሲ ሆኖ!

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን የሥራው የመጀመሪያ ባለቤት ያደርገዋል። ጥበቃውም ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ነገር ግን ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ለደራሲው የሚቀረው የሞራል መብቱ፣ ማለትም ስሙ መጠራቱ ነው። ስለዚህ ውሉ ዝም ሲል መሐል ላይ አልቆመም፤ ለጣቢያው አድልቷል።

«ታሪኩንና ገጸ ባሕርያቱን በመጽሐፍ፣ በፊልምም ሆነ በሌላ ቋንቋ የመጠቀም መብት የደራሲው ነው» የሚል አንድ አንቀጽ ጻፍኩለት። አነበበውና አቀርቅሮ ቆየ።

«ጋሼ፣ ይህን ካስገባሁ ሥራውን ለሌላ ሰው ቢሰጡትስ?»

ሊሰጡት ይችላሉ አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሊፈርም የተቀጠረው ለማክሰኞ ነው።