ከቆዳ የተገኘ የአንጎል ምሥጢር

ከደዌያት ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ነው። የሀንቲንግተን ደዌ ከነዚህ አንዱ ሲሆን፥ አንድ ወላጁ የታመመበት ልጅ በሽታውን የመውረሱ ዕድል እኩሌታ ነው። የሚገለጸውም ብዙውን ጊዜ ሰው ልጆች ከወለደ በኋላ ስለሆነ ሳያውቅ ያወርሳል። እጅና እግር ያለ ፈቃድ ይወራጫል፤ አሳብም ይደክማል፤ ፈውስም እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

መንሥኤው እ.ኤ.አ. በ1993 ታወቀ፤ ይኸውም በአንድ ጂን ውስጥ ሦስት ፊደላት 40 ጊዜና ከዚያ በላይ መደጋገማቸው ነው። ይሁን እንጂ የሕያው ሰው አንጎል እንዴት ተቈርሶ ይመረመራል? ጃፓናዊው ሊቅ ሺንያ ያማናካ በ2007 የሰውን የቆዳ ሴል አራት ጂኖች ጨምረውበት፥ ማናቸውንም ሴል ለመሆን ወደሚችለው ወደ ስቴም ሴል ጠባይ መለሱት። ይህም በሳህን ላይ የነርቭ ሴል ሆኖ ያድጋል።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሕመምተኛውን ሴል ከጤነኛ ሰው ሴል ጋር ብናስተያይ፥ ሁለቱ ሰዎች በብዙ ነገር ስለሚለያዩ ጥፋቱ የየትኛው ጂን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ሊቃውንት የሕመምተኛውን ሴሎች ለሁለት ከፍለው፥ በአንደኛው ወገን ድግግሞሹን ክሪስፐር በተባለው መሣሪያ ያሳጥሩታል። ያን ጊዜ ሁለቱ የሚለያዩት በዚያ ስሕተት ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ቢታመም ሁለተኛው ቢጸና ምክንያቱ ይታወቃል።

የሚያስቸግረው በሳህን ያደገው ነርቭ ገና ሕፃን መሆኑ ነው፤ ደዌው ግን የሚመጣው በጎልማሳነት ነው።