ሦስት ስክሪን ስላለው የፒንቦል ሣጥን፤ ለሻጭም ለገዢም የሚጠቅም ማስታወሻ

አንድ ዕቃ ከሌላ ዕቃ ጋር ተጋጥሞ የሚሠራ በሆነ ጊዜ፥ የሻጩ ኀላፊነት ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ በመስጠት ብቻ አይፈጸምም። ይህን ቁም ነገር እኔ ጸሐፊው የተማርሁት በአንድ መጫወቻ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ደንበኛ ወደምሠራበት ንግድ ቤት መጥተው 43 ኢንች ቴሌቪዥን ገዙ። ደረሰኙን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን አስይዘው ተመለሱና፥ «ሣጥኑ አልቀበል አለኝ» አሉ። ለካስ ለቤታቸው የፒንቦል ሣጥን በአናጢ አሠርተው ኖሯል። የሣጥኑ የውስጥ ስፋት 52 ሳንቲሜትር ሲሆን፥ ቴሌቪዥኑ በቁመቱ ሲዞር የምስሉ ስፋት ብቻ 53 ሳንቲሜትር ተኩል ይሆናል። «ለምን ሥራ ይሆንዎታል?» ብዬ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፥ የምስሉ ስፋት ወደ 50 ሳንቲሜትር የሚጠጋውን ጠርዘ ቀጭን 40 ኢንች በሰጠኋቸው ነበር።

ፒንቦል ጣልያኖች «ፍሊፐር» የሚሉት፥ የብረት ኳስ በተዳፋት ሜዳ ላይ ስትንከባለል በመምቻ እየተመለሰች ነጥብ የምታስቈጥርበት ጨዋታ ነው። የመኪናው ዋና መፍለቂያ የአሜሪካዋ ከተማ ቺካጎ ናት። የጎትሊብ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 «ባፍል ቦል»ን፥ በ1947 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ መምቻዎች ያሉትን «ሃምፕቲ ደምፕቲ»ን ለገበያ አወጣ። ቈይቶም ገበያው ስለ ጠበበ፥ ዊልያምስ የተባለው ታላቅ ፋብሪካ በ1999 የፒንቦል ክፍሉን ዘጋ። በ2000 ገደማ ራንዲ ዴቪስ የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ «ቪዥዋል ፒንቦል»ን አቀረበ። በዚህም ፕሮግራም ማንኛውም ሰው በኮምፒዩተር የፒንቦል ሜዳ ለመሥራትና ለመጫወት ቻለ።

እንግዲህ የንግዱ ጠባይ የተለወጠው በዚህ ነው። የቺካጎው ፋብሪካ እንጨቱንም፥ መስተዋቱንም፥ ሽቦውንም አጋጥሞ አንድ ሙሉ መኪና ይሸጥ ነበር። የዛሬው ባለሣጥን ግን እንጨቱን ከአናጢ፥ ስክሪኑን ከአንድ ነጋዴ፥ ኮምፒዩተሩን ከሌላው፥ ጨዋታውን ከሦስተኛው ይገዛል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተባብረው ፕሮግራሙ ምስሉን ለብዙ ስክሪኖች ማከፋፈል መቻሉ ነው። ይህ ከጐደለ የሌሎቹ ሁሉ ዕቃ ከንቱ ይሆናል።

አከፋፈሉም እንደሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ስክሪን ሜዳውን ያሳያል። የመደበኛው መኪና ሜዳ ወርዱ 51 ቁመቱ 107 ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ቴሌቪዥኑ በቁመቱ ዞሮ ይተኛል። ሁለተኛው ስክሪን ከፊት ለፊት ቆሞ ባለሥዕሉን የግንባር መስተዋት ይተካል። ሦስተኛውና ትንሹ፥ ነጥብ የሚነበብበትን ሰሌዳ ያሳያል፤ ይኸውም በ1990ዎቹ መኪኖች ላይ በወርድ 128፥ በቁመት 32፥ በድምሩ 4,096 የብርሃን ነጠብጣቦች የነበሩት ነው።

ኮምፒዩተሩ ሦስቱን ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ቦታ ይቈጥራቸዋል። የሜዳው ስክሪን አንደኛ ተብሎ ወርዱ 3,840 ነጥብ ከሆነ፥ በስተቀኙ የተመደበው የግንባሩ ስክሪን የሚጀምረው ከ3,840ኛው ላይ ነው። ቍጥሩ በስሕተት የተጻፈ እንደ ሆነ ምስሉ ከሌለ ስክሪን ላይ ይወድቅና ከዓይን ይሰወራል። ገመድ ሲነቀልና ሲተካ የስክሪኖቹ ተራ ሊለወጥ ስለሚችል፥ ሥራው እንደ ገና ይፈተሻል።

ስለ ወጪም አንድ ምክር አለ። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን አንዱን ምስል ለ16.7 ሚሊሰከንድ ያቈያል፤ 120 ጊዜ የሚታደሰው ግን ለ8.3 ብቻ ነው። ኳሷ መምቻው ዘንድ ስትደርስ ይህ ልዩነት በእጅ ይታወቃል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን በሜዳው ስክሪን ላይ ያውል፤ ለግንባሩና ለሰሌዳው ርካሽ ወይም ያገለገለ ስክሪን ይበቃል። ቴሌቪዥን ከሆነም፥ ምስልን በማሳመር የሚያዘገየው አሠራር እንዲቀር ለጨዋታ በተመደበው ማስተካከያ ላይ ይደረግ።

ደንበኛችን ቴሌቪዥኑን ከለወጥንላቸው በኋላ ሌላ ችግር ገጠማቸው። የገዙት ጨዋታ በአንድ ስክሪን ብቻ የሚሠራ ስለ ነበረ፥ የሣጥኑ ግንባር ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሣጥን የሚያውቁ ጨዋታዎችም ቢሆኑ አሠራራቸው አንድ አይደለም። በቡዳፔስት የሚገኘው ዜን ስቱዲዮስ በ2017 ያወጣው «ፒንቦል ኤፍኤክስ 3» የሣጥን አሠራር ቢኖረውም፥ ይህን የሚፈልግ ሰው የሣጥኑን ፎቶግራፍ ልኮ መጠየቅ ነበረበት። ዋጋ ከፍሎ ደጅ መጥናት ለገዢ ደስ የሚያሰኝ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ደንበኛችን በመጨረሻ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ቪዥዋል ፒንቦልን ወሰዱ፤ እርሱም የግንባሩን ሥዕልና ሰሌዳውን በተጓዳኝ ፕሮግራሞች አማካይነት ለየስክሪኑ ያድላል። ግንባሩ የበራ ዕለት ስልክ ደውለው ነገሩን፤ ሆኖም ለመጀመሪያው ጨዋታ የከፈሉት ገንዘብ አልተመለሰላቸውም።

ሣጥን አዘጋጅቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ግን፥ የቀድሞዎቹ መኪኖች ሥዕልና ፕሮግራም ባለመብት እንዳላቸው፥ የሜዳ ሠሪዎችም ሥራቸው በነጻ የተሰጠው ለሽያጭ እንዳልሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

በእኛ ንግድ ቤት ከዚያ ወዲህ በትእዛዝ መቀበያው ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ጨምረናል፤ ዕቃው ለምን ይውላል? የሚገባበት ቦታ ውስጡ ስንት ሳንቲሜትር ነው? አብሮት የሚሠራው ፕሮግራም ስንት ስክሪን ያውቃል? ለመሙላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እስከ ዛሬም በስፋት ምክንያት የተመለሰ ስክሪን የለም።