ዲኤስኤልአር የሚገዛ ሰው ዓይኑን ያስጠጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። ሻጩ ቁጥሩን ይነግረዋል። ገዢው የኋላውን ስክሪን ያበራል፣ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስቶ እያጎላ ያያል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክሩ ይገባል። ከስክሪኑ በላይ ባለችው መመልከቻ አንዴ እንኳ ሳያይ ከፍሎ የሚወጣው ብዙ ነው። ዲኤስኤልአርን ከስልክም መስታወት ከሌለው ሚረርለስም የምትለየው ግን ይህችው መመልከቻ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን ሰያፍ የቆመ መስታወት ላይ አርፎ ወደ ላይ ይነጥራል፤ በካሜራው አናት ባለው ጉብታ ውስጥ ምስሉ ተቃንቶ ዓይን ዘንድ ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሹተሩ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ወደ ሴንሰሩ ያልፋል። ዓይን የሚያየው ስክሪን ሳይሆን ከሌንሱ የመጣውን ብርሃን ራሱን ስለሆነ ባትሪም ይቆጥባል፤ በ2018 የወጣው ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1,550 ያህል ፎቶ እንደሚያነሳ አምራቹ ይገልጻል።

የሜጋፒክስሉ ነገር በአጭሩ ይለቅ። ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን የሚያሳየው 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። በኤ4 ወረቀት ጥርት ብሎ ለሚታተም ፎቶ 9 ያህል ይበቃል። ከ12 ወደ 24 ማደግም ፎቶውን በየጎኑ የሚያሰፋው በ41 በመቶ ብቻ ነው።

መመልከቻዋ ግን ሰፋ ያለ ወሬ ትፈልጋለች። ጉብታው ውስጥ የሚገኘው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። ዋጋቸው ከፍ ባሉት ካሜራዎች ከአንድ ወጥ ብርጭቆ የተቀረጸ ፔንታፕሪዝም አለ፤ በርካሾቹ ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በመስታወቶች የተገጣጠመ ፔንታሚረር። ሁለተኛው ክብደቱም ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በነጠረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ስለሚባክን የሚታየው ይደበዝዛል። ቀን ሜዳ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲደርስ፣ በጧፍ ብርሃን የሙሽራዋን ዓይን ፈልጎ ፎከስ ማድረግ ሲያስፈልግ ግን በደንብ ይታወቃል። ካኖን 700ዲ እና ኒኮን ዲ3500 ፔንታሚረር ናቸው። በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ90 አሮጌ ነው እየተባለ ቢናቅም ፔንታፕሪዝም አለው።

ቀጥሎ ሽፋኑ አለ፤ መመልከቻዋ ከፎቶው ምን ያህሉን እንደምታሳይ ማለት ነው። በርካሾቹ መግለጫ ላይ «95 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ ገዢው አምስት በመቶ ምን አላት ብሎ ያልፋታል። ነገር ግን 95 በመቶው በወርድም በቁመትም ነው። ሁለቱ ሲባዙ 90 በመቶ ይመጣል፤ ከፎቶው አንድ አሥረኛ ያህሉን አንሺው ሳያየው ያነሳዋል ማለት ነው። በሠርግ አልበም ጠርዝ ላይ ሳይጠሩ የሚገቡት የፕላስቲክ ወንበር እግሮችና የዘመድ ክርኖች አንዱ መግቢያቸው ይህ ነው። ኒኮን ዲ7000 እና ካኖን 80ዲ ሙሉውን 100 በመቶ ያሳያሉ።

ማጉላቱ ላይ ደግሞ ብዙ የሚያውቁ ሰዎችም ይሳሳታሉ። የዲ7000 መግለጫ 0.95 ይላል፤ የካኖን 5ዲ ማርክ 2 ደግሞ 0.71። ታዲያ የዲ7000 መመልከቻ ይበልጣል? አይበልጥም። ሁለቱም የተለኩት በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ይኸው ሌንስ እንደ ዲ7000 አነስተኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ የሚያሳየው ጠባቡን የመሃል ክፍል ነው። ለማወዳደር የኒኮኑን ቁጥር ለ1.5 ማካፈል ያስፈልጋል፤ 0.63 ይሆናል። ቁጥሩን ማስላት የሰለቸው ሁለቱን ተራ በተራ ዓይኑ ላይ ያስጠጋቸው፤ የ5ዲው መስኮት ሰፍቶ ይታየዋል።

በዚህ ሁሉ መሃል የምትረሳ አንዲት ቁራጭ አለች፤ ከመመልከቻዋ ጎን ያለችው ትንሽ መዘውር፣ ዳዮፕተሯ። መመልከቻዋን ለተመልካቹ ዓይን የምታስተካክለው እሷ ናት። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚያውቀው አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ «ሌንሱ ተበላሽቷል፣ ሁሉም ነገር ብዥ ይላል» እያለ ሊመልሰው ተነስቶ ነበር። የተነሱት ፎቶዎች ግን ጥርት ያሉ ነበሩ። የቀድሞው ባለቤት መዘውሯን ለራሱ ዓይን አዙሯት ኖሮ፣ ልጁ በሌላ ሰው መነጽር እንደሚያይ ሆኖ ከርሟል። ሲስተካከል መታየት ያለበት ፊት ለፊት የቆመው ሰው ሳይሆን በመመልከቻዋ ግርጌ የሚበሩት ቁጥሮች ናቸው፤ እነሱ እስኪጠሩ ድረስ ማዞር ነው። ካሜራ ተውሶ መዘውሯን ሳይነካ ስለ ካሜራው ጥራት አስተያየት የሚሰጥ ሰው ቢታገስ ይሻለዋል።

ስለ ሌንስ ሁለት ነገር ይበቃል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ባለ 18–55 ሌንስ ጫፉ ድረስ ሲሳብ አፐርቸሩ 5.6 ላይ ይቆማል፤ ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ባለ 1.8 ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል፣ መመልከቻዋንም ያደምቃታል። ኒኮን ሊገዛ ያሰበ ደግሞ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ የፎከስ ሞተር በውስጣቸው እንደሌለ ይወቅ፤ ሞተር የሌላቸው አሮጌ ሌንሶች በእነሱ ላይ የሚሠሩት በእጅ ብቻ ነው። ዲ90 እና ዲ7000 ግን ያንቀሳቅሷቸዋል።

ካኖንም ኒኮንም በ2020 የመጨረሻዎቹን ታላላቅ ዲኤስኤልአሮቻቸውን፣ 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 እና ዲ6ን፣ ካወጡ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። ስለዚህ ዛሬ ዲኤስኤልአር መግዛት ባመዛኙ ያገለገለ መግዛት ነው። ያኔ የሹተሩን ቆጠራ መጠየቅ ግድ ይላል፤ የ5ዲ ማርክ 2 ሹተር የተሠራው ለ150,000 ጊዜ ነው። ኒኮን ቆጠራውን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው አንድ ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች ግን ፋይሉ ላይ አይጽፉትም፤ ገዢው ላፕቶፕና ኬብል ይዞ መሄድ፣ ቆጠራውን ከካሜራው የሚያነብ ፕሮግራምም አስቀድሞ መጫን ይኖርበታል።