የተሰነጠቀ የጊዛ ምድጃ

በአሜሪካዋ ቨርሞንትም ሆነ በኖርዌይ ገጠሮች አሮጌ የጊዛ ምድጃ ዛሬም ክረምቱን ሙሉ የሚነድበት ቤት ብዙ ነው። ከነዚህ ምድጃዎች አንዱ የኖርዌዩ ዮቱል 118 ነው፤ ረዥምና ጠባብ ሲሆን 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ግንድ ይውጣል። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካውያን ፊታቸውን ወደ እንጨት ሲያዞሩ እንዲህ ያሉ ምድጃዎች ተፈላጊ ሆኑ፤ ቨርሞንት ካስቲንግስ የተባለው ፋብሪካም በ1975 ተመሠረተ። ያን ጊዜ የተገዙት አሁን አርጅተው እየተሰነጠቁ ነው። ብዙዎቹ ሊድኑ እየቻሉ መጣላቸው ያሳዝናል።

ጊዛ (ካስት አይረን) ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አለው። ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ስስ የግራፋይት ንጣፎች ሆኖ ተበትኗል። ጊዛ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ግን ሳይለጠጥ በነዚያ ንጣፎች በኩል ይሰነጠቃል። የምድጃው አንዱ ጎን ቀልቶ ሌላው ሲቀዘቅዝ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአያያዝ ይመጣል፦ ገና ያልሞቀ ምድጃ ላይ ኃይለኛ እሳት መልቀቅ፣ በጋለ ብረት ላይ ውኃ መርጨት፣ ቡሎኑን ያለ ልክ ማጥበቅ። አመዱን ሳይጠርጉ መተውም ሌላው ጥፋት ነው። ከሥር የሚገባው አየር ፍርግርጉን ያቀዘቅዝለት ነበር፤ አመድ መንገዱን ሲዘጋው ፍርግርጉ ይጎብጣል፣ ይቃጠላል።

ስንጥቁን ለማግኘት ቤቱን አጨልሞ በቀዘቀዘው ምድጃ ውስጥ አምፖል ማብራት ይበቃል፤ ብርሃኑ የወጣበት ቦታ ጭስም ያወጣል። የተፈታ ሰሌዳ ደግሞ በትንሽ መዶሻ ሲነካ ይጮኻል፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት።

ከዚያ በኋላ ወሳኙ የክፍሉ ቦታ ነው። ፍርግርጉና እሳቱን የሚጋፈጡት የውስጥ ሰሌዳዎች የተሠሩት ሲያልቁ እንዲለወጡ ነው፤ እነሱን መበየድ ድካም ነው። ለዓመታት እሳት የበላው ጊዛ ውስጡ ድረስ ስለሚዝግ ብየዳ አይቀበልም። የውጭ ግድግዳ፣ በርና እግር ግን ሊጠገኑ ይገባል፤ ለአሮጌ ምድጃ ምትካቸው አይገኝ ይሆናልና።

ብየዳው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ማቀዝቀዙ ነው። ቀልጦ የነበረ ጊዛ ቶሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ግራፋይት ለመሆን ጊዜ ያጣል፤ ትራፓኖ የማይበሳው ደረቅና ተሰባሪ ብረት ይወጣል፣ አጠገቡም አዲስ ስንጥቅ ይፈጠራል። ስለዚህ በያጁ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በስቶ እንዳይሄድ ያግደዋል፣ አፉን በሰያፍ ሞርዶ ይከፍታል፣ መላውን ክፍል ቀድሞ ያሞቃል። በኒኬል ኤሌክትሮድ አጭር አጭር ስፌት ይጥላል፤ እያንዳንዱን ገና ሳይቀዘቅዝ በመዶሻ ይነካካዋል፤ ሲጨርስ በደረቅ አሸዋ ወይም አመድ ቀብሮ ያሳድረዋል። የሚቸኩል በያጅ ጊዛ ባይነካ ይሻላል። የተሰነጠቀ የሞተር ሞኖብሎክ አስበይዶ በወሩ የተመለሰበት የአገራችን ባለመኪና ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ጥበቡ ሲሠራ የት ድረስ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1917 ታይቷል። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በወደቦቿ የነበሩትን የጀርመን መርከቦች ስትይዝ፣ የመርከቦቹ ሠራተኞች የጊዛ ሲሊንደሮቻቸውን ሰባብረው ነበር። መርከቦቹ በኤሌክትሪክ ብየዳና በብረት ጥጋን ታድሰው በዚያው ዓመት የአሜሪካን ወታደር ማመላለስ ጀመሩ።

በነሐስ ዘንግ መበየድ በኒኬል ከመበየድ ይቀላል፤ ጊዛው ራሱ መቅለጥ የለበትምና። ግን ነሐስ ሲግል ስለሚደክም ለእግርና ለጌጥ እንጂ እሳቱ ለሚነድበት ክፍል አይሆንም። እሳት የሚችል ሲሚንቶም የሰሌዳዎችን መገጣጠሚያ ይደፍናል እንጂ የተሰነጠቀ ብረት አይሸከምም። በሲሚንቶ ብቻ ተለቅልቆ «ተጠግኗል» ተብሎ የሚሸጥ ምድጃ አደጋ ነው፤ በስንጥቁ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ ጥገናው እንዳለቀ የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፣ በማግስቱ ትንሽ ይጨመርበት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ምድጃው ባለበት ክፍል ይሰቀል።