ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ለምን አይጫወትም? ባለ ብዙ ቀጣና የዲቪዲ ማጫወቻ ስለ መምረጥ

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲፈታ ከልብሱና ከሽቶው መካከል ማሸጊያው ያልተቀደደ የፊልም ዲቪዲ ይወጣል። ማምሻውን ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ቡናው ይፈላል፤ ዲስኩም በተለምዶ «ዴክ» ወደምንለው ማጫወቻ ይገባል። መሣሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ካጉረመረመ በኋላ ግን ቀጣናው የተሳሳተ መሆኑን የሚናገር አጭር መልእክት በቴሌቪዥኑ ላይ አሳይቶ ያቆማል። ዲስኩ በለስላሳ ጨርቅ ተወልውሎ እንደ ገና ይሞከራል፤ መልሱ ያው ነው። ጥፋቱ ወይ በዲስኩ ይላከካል፣ ወይም «ሌዘሩ ደክሟል» ተብሎ ማጫወቻው ይታማል። ሁለቱም ግን ንጹሓን ናቸው።

ገጠመኙ ታላላቆችንም አልማረም። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ 25 የአሜሪካ ፊልሞችን በዲቪዲ ሰጧቸው። ብዙም ሳይቆይ የለንደን ጋዜጦች ዲስኮቹ ለሰሜን አሜሪካ የተዘጋጁና በእንግሊዝ ማጫወቻ የማይሠሩ መሆናቸውን ጽፈው ተሳለቁ።

ለመሆኑ በዲስኩና በማጫወቻው መካከል የሚካሄደው ምንድን ነው? የዲቪዲ ዲስክ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። መረጃው በጥቃቅን ጉድጓዶች መልክ ከመሐል ወደ ዳር በሚጠቀለል መስመር ላይ ተቀርጿል። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሌዘር ሲሆን፣ ለዲቪዲ የሚያገለግለው ሌዘር ግን 650 ናኖ ሜትር ነው። ሞገዱ ሲያጥር ጨረሩ ይበልጥ ጠብቦ ያነጣጥራል፤ ስለዚህ መስመሮቹን ማቀራረብ ተችሏል፤ በሲዲ 1.6 ማይክሮ ሜትር የነበረው ርቀት በዲቪዲ 0.74 ሆኗል። በዚህና በሌሎች ማሻሻያዎች ምክንያት አንድ ሽፋን ብቻ ያለው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ማጫወቻው የቀጣና መልእክቱን ለማሳየት በመጀመሪያ ዲስኩን ማንበብ ነበረበት። አንብቧልም። ያልተጫወተው ማንበብ ተስኖት ሳይሆን «አልጫወትም» ብሎ ነው።

ይህን ውሳኔ የሚያስተላልፈው በዲስኩ መግቢያ ላይ የተጻፈ አንድ ባይት፣ ማለትም ስምንት ቢት ነው። እያንዳንዱ ቢት አንድን የዓለም ቀጣና ይወክላል። ቢቱ 1 ከሆነ በዚያ ቀጣና መጫወት ክልክል ነው፤ 0 ከሆነ የተፈቀደ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ብንቆጥር 11111110 የሚለው ቁጥር ለመጀመሪያው ቀጣና ብቻ ይፈቅዳል፤ 11110101 ደግሞ ለሁለተኛውና ለአራተኛው። ሁሉም ቢቶች ዜሮ ከሆኑ ዲስኩ የትም ይጫወታል። ብዙዎች «ዜሮ ቀጣና» የሚሉት ይህን ነው፤ በካርታው ላይ እንዲህ የሚባል ቦታ ግን የለም።

ካርታው የሚከተለውን ይመስላል። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። ምዕራብ አውሮፓ፣ ጃፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ 2 ተሰጥቷቸዋል። ደቡብ ምሥራቅ እስያና ደቡብ ኮሪያ 3፣ አውስትራሊያና ላቲን አሜሪካ 4፣ ቻይና 6 ናቸው። 7 ለወደፊት የተያዘ ሲሆን 8 ለአውሮፕላንና ለመርከብ ነው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከሕንድ ጋር በ5 ውስጥ ትገኛለች። እንግዲህ አንድ የእኛ ቤተሰብ አንዱ ልጁ በዋሽንግተን፣ ሌላዋ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ፣ ወላጆቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ቢኖሩ በሦስት ቀጣናዎች ተከፍሏል ማለት ነው።

ክፍፍሉ የመጣው ከቴክኒክ ሳይሆን ከንግድ ነው። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ በጃፓን፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ አንድ ፊልም በሁሉም አገር ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን አይወጣም ነበር፤ በአሜሪካ ታይቶ ካበቃ ከወራት በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ይሻገራል። ስቱዲዮዎቹ የአሜሪካው ዲቪዲ ፊልሙ ገና ወዳልታየበት አገር ቀድሞ እንዳይደርስ ፈለጉ፤ ዋጋንም በየአገሩ ለይቶ መተመን ፈለጉ። ስለዚህ የተመሰጠሩ ዲስኮችን የሚፈታ ማጫወቻ ለመሥራት ፈቃድ የሚወስድ አምራች ሁሉ የቀጣና ቁጥጥሩን እንዲያስገባ በውል አስገደዱት። በዲስኩ ላይ ያለው ባይት ማስታወሻ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ የሚያስከብረው የማጫወቻው ታዛዥነት ነው።

ባለ ብዙ ቀጣና የሚባለውም ማጫወቻ በዚህ ረገድ የማይታዘዝ ማለት ነው። በውስጡ የተለየ ሌዘር ወይም የተለየ ሞተር የለም። አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ክፍት ነው። በሌላው ላይ ደግሞ የዲስክ ማስገቢያው ተከፍቶ ሳለ፣ ወይም በማስተካከያው ሜኑ ውስጥ ተገብቶ፣ በሪሞት ኮንትሮሉ የተወሰኑ ቁጥሮች በተራ ሲጫኑ የተደበቀ ገጽ ይወጣና ቀጣናው ይቀየራል። ቁጥሮቹ እንደ ሞዴሉ ይለያያሉ። በሱቅ ውስጥ አንድ ሠራተኛ «ለማስከፈት» ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ይህንኑ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑን ገዢው ቢያውቅ ደግ ነው።

ስቱዲዮዎቹ በዚህ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ በአንዳንድ የአሜሪካ ዲስኮች ላይ ሁለተኛ ፍተሻ ተጨመረ። በዚህኛው ዲስኩ ራሱ ጠያቂ ሆነ። በውስጡ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ማጫወቻውን «ቀጣናህ ስንት ነው?» ትለዋለች፤ መልሱ 1 ካልሆነ ፊልሙን አትጀምርም። «ለሁሉም ክፍት ነኝ» የሚል ማጫወቻ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ በእጅ ወደ 1 የተቀየረ ማጫወቻ ግን ያልፋል። ስለዚህ ማጫወቻ ሲመረጥ ክፍት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከ1 እስከ 6 አንዱን ቁጥር በእጅ ለመምረጥ የሚያስችለው ይመረጣል።

እስከ አሁን ያወራነው ስለ ቀላሉ እንቅፋት ነው። ከባዱ «መልቲ ሪጅን» በሚለው የካርቶን ጽሑፍ ተሸፍኖ ይቀራል፤ እርሱም የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው። ቴሌቪዥን በተወለደበት ዘመን ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበት ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የአውሮፓና የእኛ 50 ኸርዝ ስለሆነ ዓለም ለሁለት ተከፈለ። ኤንቲኤስሲ በተባለው የአሜሪካና የጃፓን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ በእያንዳንዱ ምስል 480 መስመር ኖሮት በሰከንድ ወደ 30 የሚጠጉ ምስሎችን ያሳያል። ፓል በተባለው፣ አገራችንም በተከተለችው ሥርዓት የተዘጋጀው 576 መስመርና 25 ምስል አለው። ኤንቲኤስሲ ዲስክ ፓል ብቻ በሚያውቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሲጫወት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ አንዳንዴም እንደ ጥቅልል ወደ ላይ ይሽከረከራል። ይህ ሲታይ ጥፋቱ የቀጣና አይደለም።

የቀጣናው ቁጥር ሥርዓቱን እንደማይነግረንም ልብ ይሏል። ጃፓንና እንግሊዝ ሁለቱም 2 ናቸው፤ የጃፓኑ ዲስክ ግን ኤንቲኤስሲ፣ የእንግሊዙ ፓል ነው። ሜክሲኮና አውስትራሊያም ሁለቱ 4 ሆነው እንዲሁ ይለያያሉ።

በዚህ ሥርዓት ሳቢያ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው የሠርግ ዲስክ ነው። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የተቀረጸ የልጅ ሠርግ በዲቪዲ ተገልብጦ ለእናት አዲስ አበባ ይላካል። እንዲህ ያለው በቤት ወይም በቪዲዮ ቤት የተቀዳ ዲስክ በተለምዶ ምንም የቀጣና ክልከላ የለበትም። ሆኖም ኤንቲኤስሲ ነው። እናትየዋ ውድ የሆነ ባለ ብዙ ቀጣና ማጫወቻ ቢገዙ፣ ማጫወቻው ሥርዓቱን የማይቀይር ከሆነ፣ የልጃቸውን ሠርግ ያለ ቀለም ያያሉ። በተቃራኒው አቅጣጫ ነገሩ ይብሳል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄድ የፓል ዲስክ ወይም ቪሲዲ በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት ማጫወቻዎች አብዛኞቹ አይቀበሉትም፤ ማጫወቻው ቢቀበለው እንኳ 50 ኸርዝ የማያውቁ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ብዙ ናቸው። እዚያ ለሚኖር ሰው ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ የሚቀይር ማጫወቻ የግድ ነው። እዚህ ግን በቅርብ ዓመታት የሚሸጡት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው ሁለቱንም ስለሚቀበሉ፣ በማጫወቻው ሜኑ ውስጥ የቴሌቪዥኑን ዓይነት «መልቲ» ወይም «አውቶ» ላይ ማድረግ ይበቃል። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ «ፓል» ይመረጥና መቀየሩ ለማጫወቻው ይተዋል።

በነገራችን ላይ አንድ ፊልም በሁለቱ ሥርዓቶች እኩል ርዝመት የለውም። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ለፓል ሲዘጋጅ በቀጥታ ወደ 25 ይፋጠናል፤ ስለዚህ በሲኒማ ቤት 120 ደቂቃ የነበረው በፓል ዲስክ 115 ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ የተዋንያኑም ድምፅ ካልተስተካከለ በመጠኑ ይቀጥናል። በኤንቲኤስሲ ግን አንዱ ምስል ሦስት ጊዜ፣ ተከታዩ ሁለት ጊዜ እየታየ ርዝመቱ ይጠበቃል፤ ዋጋው እንቅስቃሴው ትንሽ መንገጫገጩ ነው። «የእንግሊዙ ዲስክ አምስት ደቂቃ ተቆርጦበታል» እያሉ የሚከራከሩ የፊልም ወዳጆች አጋጥመውናል። አልተቆረጠም፤ ሮጧል።

ሦስተኛው እንቅፋት ግድግዳው ላይ ነው። ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ማጫወቻ 120 ቮልት ይጠብቃል፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚቃጠለው በሰከንዶች ውስጥ ነው። በጀርባው ያለው ጽሑፍ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ የመሰኪያ አስማሚ ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ በእኛ አስተያየት ግን እንዲህ ያለውን አለመግዛት ይሻላል፤ ትራንስፎርመሩን ረስቶ የሚሰካ ሰው ከየቤቱ አይጠፋምና። ከዱባይ የሚመጣ ማጫወቻ በኤሌክትሪኩ ይስማማናል፤ ቀጣናው ግን 2 ስለሚሆን መከፈቱ መረጋገጥ አለበት።

ዛሬ ምርጫው ጠብቧል። ኔትፍሊክስ እንኳ የተነሣበትን የዲቪዲ ኪራይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ዘግቷል፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ያገለገለ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሻጭን ቃል ከመስማት ሦስት ዲስክ ይዞ መሄድ ይበጃል። አንድ የአሜሪካ ፊልም፣ አንድ ከአውሮፓ የመጣ፣ አንድ በቤት የተቀዳ። ሁሉም መጀመራቸው ብቻ አይበቃም። ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ የሚዞርበት ትዕይንት ተፈልጎ ምስሉ እየዘለለ እንደሆነ ይታይ፤ ርካሽ ሥርዓት ቀያሪ የሚታወቀው በዚህ ነው። እንደ ሰዓት ወይም ጎማ ያለ ክብ ነገር ደግሞ እንቁላል መስሎ ከታየ ማጫወቻው 480ውን መስመር ወደ 576 በትክክል አላሰፋም ማለት ነው። በቤት የተቀዳው ዲስክ ብቻውን ካልተጫወተ ማጫወቻው ከመወቀሱ በፊት በሌላ መሣሪያ ይሞከር፤ የቀዳው ሰው የመጨረሻውን የመዝጊያ ሥራ ሳይፈጽም አውጥቶት ሊሆን ይችላል።

ብሉ ሬይ ለሚፈልግ ሰው ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የብሉ ሬይ ቀጣናዎች ሦስት ሲሆኑ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ፤ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር በቢ ትገኛለች። «መልቲ ሪጅን» ተብሎ የሚሸጥ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ለዲቪዲ ብቻ ክፍት ሆኖ ለብሉ ሬይ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ስለ ሁለቱም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ባለ 4ኬ ዲስኮች ይህን ክፍፍል ትተውታል።

በኮምፒውተር ለማየት የሚያስብ ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠሩት የዲቪዲ አንባቢዎች ቀጣናቸውን ለመቀየር የሚፈቅዱት 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው የተመረጠው ቀጣና በዚያው ይጸናል። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በብዙ አንባቢዎች ላይ ቀጣናን ሳይቆጥር ያጫውታል፤ ይሁንና አንዳንዶቹ አንባቢዎች እምቢ ይላሉ። ኮምፒውተሩ ቀጣና እንዲቀየር ሲጠይቅ ሳያነቡ «እሺ» ማለት ከአምስቱ አንዱን መብላት ነው።