ፒክአፕ ከመግዛታችን በፊት ምን እንጠይቅ?

የአንድ ልማት ፕሮጀክት በጀት ሲዘጋጅ፣ ከግንባታ ቀጥሎ ከፍተኛ ገንዘብ ከሚጠይቁት ነገሮች አንዱ ተሽከርካሪ ነው። ይሁን እንጂ የውኃ ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት በባለሙያ የተጠና ሰነድ የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት፣ ፒክአፕ ሲገዛ ግን «የእገሌ ምርት አይሰበርም» በሚል የሰሚ ሰሚ ምስክርነት ብቻ ሲወስን ይታያል። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ይጣደፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የችኮላው ዕዳ መኪናው እስከሚያረጅ ድረስ በየዓመቱ ይከፈላል።

ዕዳውን የሚከፍለውም ጽሕፈት ቤቱ ብቻ አይደለም። በከተማ የመኪና መበላሸት የአንድ ቀን መጉላላት ነው። በገጠር ወረዳ ግን መኪናው ጋራዥ በገባበት ሳምንት ምርጥ ዘሩ ከዝናቡ በፊት ሳይደርስ ይቀራል፤ ለተሰበረው የእጅ ፓምፕ የተገዛው ዕቃ በመጋዘን ተቀምጦ ሳለ እናቶችና ሕፃናት ወደ ወንዙ ውኃ ይመለሳሉ። በመሆኑም የተሽከርካሪ ምርጫ የምእመናንና የለጋሾች አደራ የሚፈተንበት ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተለያዩ ፒክአፖችን አስተማማኝነት እንዴት ማወዳደር እንደሚገባ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስተማማኝነት በምን ይለካል?

በተለምዶ አስተማማኝ የምንለው የማይበላሸውን መኪና ነው። የማይበላሽ መኪና ግን የለም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን ማንሣት ይኖርብናል፤ አንደኛው «በየስንት ጊዜው ይበላሻል?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሲበላሽ ስንት ቀን ይቆማል?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ፒክአፖችን እናስብ። የመጀመሪያው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይበላሻል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው ዕቃ ከውጭ አገር የሚታዘዝ በመሆኑ 60 ቀን ይቆማል። ሁለተኛው በዓመት አራት ጊዜ ይበላሻል፤ ዕቃው በቅርብ ከተማ ስለሚገኝ ግን በየጊዜው በሁለት ቀን ተጠግኖ ይወጣል። የመጀመሪያው 60 ቀን፣ ሁለተኛው 8 ቀን ከሥራ ውጭ ሆኑ ማለት ነው። በፋብሪካው ዓይን የመጀመሪያው ይበልጣል፤ በወረዳው ዓይን ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። የእኛ መለኪያ እንግዲህ መኪናው በዓመት ውስጥ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝባቸው ቀናት ብዛት ይሆናል። ከዚህ በታች የሚነሡት ነጥቦች ሁሉ ወደዚህ መለኪያ የሚመለሱ ናቸው።

ስሙ አንድ፣ ማሽኑ ሌላ

ቶዮታ ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሳይለወጥ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 «ቶፕ ጊር» የተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ዝግጅት አንድ አሮጌ ሃይሉክስ በባሕር ውኃ ካስዋጠና በእሳት ካቃጠለ በኋላ፣ በሚፈርስ ሕንፃ አናት ላይ አስቀምጦ ሞተሩ ዳግመኛ ሲነሣ አሳይቷል። ዝናው እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገር ግን ያ መኪና በ1980ዎቹ የተሠራ፣ የኮምፒውተር መቆጣጠሪያ የሌለው የናፍጣ መኪና ነበር። ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠው መኪና በአሠራሩ ከእርሱ እጅግ የተለየ ነው።

ልዩነቱ በዋናነት ነዳጅ በሚረጭበት መንገድ ላይ ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ናፍጣውን የሚገፋው ሜካኒካል ፖምፓ ስለሆነ፣ ልምድ ያለው መካኒክ በእጁና በጆሮው ያስተካክለዋል። በአዲሶቹ ግን «ኮመን ሬል» የሚባለው ሥርዓት ናፍጣውን እጅግ ከፍ ባለ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል። ይህ ሥርዓት ነዳጅ ይቆጥባል፤ ኃይልም ይጨምራል። በአንጻሩ ከበርሜል የተቀዳ፣ ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቹን በቀላሉ ያበላሻል፤ ብልሽቱን ለማወቅም የመመርመሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ስማቸው የተለያየ ሆኖ ማሽናቸው አንድ የሆነ መኪኖች አሉ። ማዝዳ ቢቲ-50 ከ2006 ጀምሮ ከፎርድ ሬንጀር ጋር መሠረቱን ይጋራ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን በአይሱዙ ዲ-ማክስ ላይ የተመሠረተ ነው። ከ2017 እስከ 2020 የተሠራው መርሴዲስ ኤክስ-ክላስ በኒሳን ናቫራ፣ ፊያት ፉልባክ ደግሞ በሚትሱቢሺ ኤል 200 ላይ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ «የትኛው ምርት ይሻላል?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ሞዴል፣ በየትኛው ዓመት የተሠራ፣ የትኛው ሞተር ያለው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የውጭ አገር ጥናቶችን እንዴት እናንብብ?

በአሜሪካ በየዓመቱ የሚወጣው የጄ.ዲ. ፓወር የአስተማማኝነት ጥናት የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን መኪኖች ባለቤቶች ጠይቆ በ100 መኪና የደረሰውን ችግር ይቆጥራል። ሃይሉክስና ዲ-ማክስ ግን በዚያ ገበያ አይሸጡም። ከሚቆጠሩት ችግሮች ውስጥም የስልክና የመኪናው ስክሪን አለመግባባት ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ቁጥር ወደ ተራራማ ወረዳ ለሚጓዝ ፒክአፕ የሚነግረን ጥቂት ነው።

የዝገት ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የቀድሞው ናቫራ በብሪታንያ፣ የቶዮታ ታኮማ በአሜሪካ በሻንሲያቸው መዛግ ምክንያት ብዙ ክስና ወቀሳ ደርሶባቸዋል። ችግሩን ያባባሰው በብርድ ወራት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ይህ ሥጋት ትንሽ ነው። ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ ወይም በዳናኪል የጨው ሜዳ የሚሠራ መኪና ከሆነ ግን ከሥሩ ገብቶ ሻንሲውን መመርመር ግድ ይላል።

በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 በተሸጡ ከ260 ሺህ በላይ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች፣ ሃይሉክስን ጨምሮ፣ የጢስ ማጣሪያው ጉድለት እንዳለበት የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 ወስኗል። ይህ ማጣሪያ የሰበሰበውን ጥላሸት በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳ ነው። በጭቃና በድንጋይ መንገድ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ያንን ሙቀት ለማግኘት ይቸገራል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ መልካም ስም ያለው ፋብሪካም ይሳሳታል፤ ለእኛ የሚቀርበው መኪና የጢስ ማጣሪያ ያለው መሆን አለመሆኑንም አስቀድመን መጠየቅ አለብን።

የታወቁትን በአጭሩ

ላንድክሩዘር 79፦ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለውና በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራው ሞተር ለሩቅ ቦታ ከሚመረጡት መካከል ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በየከተማው የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። ነገር ግን ነዳጅ ይበዛበታል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚቀንስም፣ 3 ሺህ ሜትር ላይ ሲደርስ ከኃይሉ ሲሦ ገደማ ያጣል። የሰሜን ተራሮችን ጭኖ ለሚወጣ ይህ ቀላል አይደለም።

ሃይሉክስ፦ ትልቁ ብልጫው የመለዋወጫው በብዛት መገኘትና ሲሸጥ ዋጋው አለመውደቁ ነው። ከ2015 በፊት የነበረው ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ካገለገሉት መካከል ከተገኘ፣ በኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት ማኅተሞች መቀየራቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሲያፈሱ ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የዘይት መሳቢያውን ስለሚደፍን ሞተሩን እስከ መግደል ይደርሳል።

አይሱዙ ዲ-ማክስ፦ በ2002 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ባለ 3.0 ሊትሩ ሞተር በጥንካሬው የተመሰገነ ነው። የአይሱዙ የጭነት መኪኖች በአገራችን መብዛታቸው ስሙን ያስታውቃል እንጂ የዲ-ማክስ ዕቃ በየቦታው ይገኛል ማለት አይደለም፤ ለብቻው መጣራት አለበት።

ናቫራ፦ ከ2014 ወዲህ የመጣው ባለ ሁለት ጋቢና ሞዴል በብዙ ገበያዎች ከኋላ በባሌስትራ ምትክ ጥቅል ስፕሪንግ አለው። ለተሳፋሪ ይመቻል፤ ነገር ግን ከባድ ጭነት ሲበዛበት ከኋላው እንደሚወርድ ቅሬታ ቀርቦበት ፋብሪካው አሻሽሎታል። ሲሚንቶና የብረት ቱቦ ለሚጭን ፕሮጀክት ባሌስትራ ያለው ይመረጣል።

ኤል 200 እና ሬንጀር፦ ሁለቱም በዓለም በስፋት የሚሸጡ ብቁ መኪኖች ናቸው። የእነርሱ ጥያቄ በአብዛኛው ከመኪናው ጥራት ይልቅ ዕቃና ሙያተኛ በአካባቢው መኖር አለመኖሩ ነው።

የመለዋወጫ ፈተና

ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ሊፈተን ይችላል። የሚከተሉት ዐሥር ዕቃዎች በወረቀት ይጻፉ፦ የዘይት ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ የኋላ ባሌስትራ፣ የውኃ ፖምፓ፣ ኢንጀክተር፣ ዲናሞ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ዕጩ መኪና ሦስት ቦታ ይጠየቅ፤ በፕሮጀክቱ አቅራቢያ ባለው ከተማ፣ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እና በአስመጪው ድርጅት። ዋጋው፣ ዕቃው በእጅ መኖሩና ካልኖረ የሚፈጀው ቀን ይመዝገብ። ኦርጅናሉንና ተመሳስሎ የተሠራውን ለይቶ መጻፍም አይዘንጋ።

ቀጥሎ በአካባቢው ያሉ መኪኖች የመንቀሳቀሻ መዝገብ ይጠየቅ። ጤና ጣቢያው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቱና ሌሎች ተራድኦ ድርጅቶች በዚያው መንገድ የሚሄዱ ፒክአፖች አሏቸው። ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ቆሙ? በኪሎ ሜትር ስንት ብር ወጣባቸው? ብዙ ጊዜ የተቀየረው ዕቃ የትኛው ነው? ከኃላፊው ይልቅ ሹፌሩና መካኒኩ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ስለሆነም ፒክአፕ ለመግዛት የሚያስብ ጽሕፈት ቤት፣ በግዥው ወቅት በሥራ ላይ ያለው መመሪያ የመረጠውን ዓይነት የሚፈቅድ መሆኑን ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከቀረበም መለኪያው አይለወጥም፤ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? በወረዳው የት ይሞላል? የሚጠግነው ማን ነው?

በአገር ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሞተሩ ሳይሞቅ ይነሣ፤ ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየበላ መሆኑን፣ በኃይል የማይጠፋ ነጭ ጢስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ውኃ መኖሩን፣ ጥቁር ጢስ የነዳጅ መብዛትን ወይም የአየር ማነስን ያመለክታል። ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ያለቀ፣ መሪውም ያብለጨለጨ ከሆነ ቆጣሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው። የምርመራው ክፍያ ከሻጩ ጋር ግንኙነት ለሌለው መካኒክ ይከፈል።

ከግዥ በኋላ

የተመረጠው ሁሉ በአያያዝ ይጸናል ወይም ይበላሻል። አቧራና ሸካራ መንገድ ባለበት የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ የአየር ፊልትሮ በየሳምንቱ ይታይ፤ በናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ፤ ከተፈቀደው ጭነት በላይ አይጫን። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ በበጀት ካልተያዘ መኪናው ተገዛ ለማለት አይቻልም።

በመጨረሻም የግዥ ኮሚቴዎች በቃለ ጉባኤያቸው ከዋጋ ማወዳደሪያው ቀጥሎ አንድ ዓምድ እንዲጨምሩ እናሳስባለን፤ ይኸውም «በዓመት ይቆማል ተብሎ የሚገመተው ቀን» የሚል ነው። ግምቱ ከመለዋወጫ ፈተናውና ከጎረቤት መዝገቦች የሚወሰድ ይሁን። ከአንድ ዓመት በኋላ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ሲተያይ፣ ለቀጣዩ ገዢ ከማንኛውም የውጭ አገር ጥናት የበለጠ የሚጠቅም መረጃ ይሆናል።